ምዕራፍ 7፦ የአመክሮ ኩሬ

ዓሣ ላርባ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚነካው ጭቃ ነው። ካሰበው ቦታ ላይ ጉልበት እስኪደርስ ይቆፍርና አንድ እፍኝ አፈር ያወጣል። በውኃ ያርሰዋል፤ እንደ ሊጥ አሽቶ ብርቱካን አሳክሎ ያድበለብለዋል። ከዚያ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልበዋል። ተበትኖ በጣቶቹ መሐል ከፈሰሰ አሸዋ በዝቶበታል፤ ሳይፈርስ እጁ ላይ ከተመለሰ ሸክላ አለው። ያም ሆኖ ጭቃው ቶሎ አይታመንም። ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠዋት እስከ አፉ ውኃ ይሞላዋል፤ ማታ የጎደለውን ይተካና በቅጠል ሸፍኖት ያድራል። ሲነጋ አብዛኛው ውኃ ካለ ቦታው ኩሬ ይሆናል።

ቡና አብቃዩ ደቡብ ምዕራብ ይህን ፈተና በቀላሉ የሚያልፍ ይመስላል። ግን አንድ ተንኮል አለው። የሚዛን አማንና የቴፒ ተዳፋት ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ሸክላም አለው፤ ይሁንና ውኃ ያሰርጋል። ቡናም የሚወደው ይህንኑ ነው፤ ውኃ የተኛበት የቡና ሥር ይታመማል። ስለዚህ ቡና የተስማማው ተዳፋት ለኩሬ አይመችም፤ ለኩሬ የሚሆነው ቡና የማይወደው የሸለቆ ግርጌ ነው። ሁለቱ መሬት አለመሻማታቸው ትልቅ ነገር ነው። በዚያ አገር ቡናህን ነቅለህ ጉድጓድ ቆፍር ተብሎ እሺ የሚል ገበሬ የለም፤ ባይልም አልፈርድበትም።

ሌላው ሁሉ ሞልቷል። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር፣ ቴፒ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሚዛን በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ጊሎ ከሚዛን አካባቢ ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። በጉራፈርዳ ሩዝ ይመረታል፤ የሩዝ ገለባና ብናኝ ባለበት ደግሞ የዓሣ መኖ ግማሽ መንገድ ተኬደ ማለት ነው። ታች ጋምቤላ ያሉት አኙዋዎች ዓሣን እንደ ዕለት ምግብ ያውቁታል። ጎደሬ፣ ቆጮ፣ በቆሎና ሙዝ የሚበላው የላዩ አገር ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዓሣን የሚያስታውሰው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ኢትዮጵያዊ በነፍስ ወከፍ በዓመት የሚበላው ዓሣ አንድ ኪሎ አይሞላም። የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። በሚዛን አማን፣ በቴፒ ወይም በቦንጋ ያለ ማረሚያ ተቋም ለታራሚዎቹ ዓሣ ማርባት ላስተምር ቢል ምን ያገኛል፣ ምንስ ይጎድለዋል?

ዱሮ ወህኒ ቤት ይባል ነበር፤ ዛሬ ማረሚያ ነው። ቃሉ ከቢሮ የወጣ ይመስላል እንጂ የገበሬ ቃል ነው፤ ጤፉን ከአረሙ የሚለይ ሰው ማሳውን ያርማል። ሰብል የሌለበትን መሬት ግን ማንም አያርምም። በማረሚያ ቤቶቻችን የሙያ ሰብል ሆነው የኖሩት ሽመና፣ ልብስ ስፌት፣ እንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ናቸው። የእነዚህ ሙያዎች ትልቁ ጸጋ ሰውየው በእጁ ይዟቸው መውጣቱ ነው። መወርወሪያውን ገዝቶ ዲላም፣ ጅማም፣ አዲስ አበባም ይሸምናል። ኩሬ ግን በትከሻ ተሸክመውት አይወጡም። ይህን አንባቢው ከወዲሁ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኩሬው የሚያስተምረው ነገር ግን ሽመና የማያስተምረው ነው። ሸማኔ ቢታክተው ድሩን ትቶ ይተኛል፤ ድሩም ይጠብቀዋል። ዓሣ አይጠብቅም። ስፋቱ 10 በ20 ሜትር የሆነ ኩሬ እንውሰድ። ለጀማሪ የሚመከረው በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ነው፤ ስለዚህ 400 የዓሣ ጫጩት ይገባበታል። እያንዳንዱ 50 ግራም ሲደርስ በኩሬው ውስጥ 20 ኪሎ ዓሣ አለ። በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ይበላሉ ቢባል መኖው 600 ግራም ነው፦ ፉርሽካ፣ የሩዝ ብናኝና ፋጉሎ ተደባልቆ። በወሩ ዓሦቹ ያድጋሉና ስሌቱ ይለወጣል። ጥቂት ዓሦች በመረብ ተይዘው ይመዘናሉ፣ አማካዩ ይወጣል፣ በቁጥራቸው ይባዛል፣ 3 በመቶው ይሰላል። በልጅነቱ ሒሳብ አልገባ ያለው ሰው በመቶኛ ማስላትን እዚህ ይማራል፤ ስሌቱን ሲሳሳት ዓሣው ይነግረዋልና።

እንዴት እንደሚነግረው ራሴ አይቻለሁ። አንድ ወዳጄ ኩሬ ዳር ቆሜ ዓሦቹ ወደ ፉርሽካው ሲሻሙ ደስ ብሎኝ፣ እሱ ዘወር ባለበት ግማሽ ከረጢት አራገፍኩላቸው። ያልተበላው ፉርሽካ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ መበስበስ ደግሞ ኦክስጅን ይበላል። በማግስቱ ማለዳ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሱ ነበር። ወዳጄ ለሳምንት አላናገረኝም፤ እውነቱን ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ለማረሚያ ቤት የሚሆነውን የኩሬ ዕውቀት ሁሉ የሚወስነው ይህ የማለዳ ሰዓት ነው። ጥሩ ኩሬ አረንጓዴ ነው። ፍግ ሲጨመርበት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ይፈሉበታል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እነሱን እያጣራ ይበላል። አረንጓዴነቱ መመጠኑን ለማወቅ ክንድን እስከ ክርን ውኃ ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ መዳፍ ከጠፋች በቂ ነው፣ ገና አንጓው ሳይገባ ከጠፋች በዝቷል። እነዚህ ዕፅዋት ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራሉ። ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። ስለዚህ በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ዓሣ የሚሞተው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሰው ደርሶ ንጹሕ ውኃ ቢለቅበት የሚድነውም በዚያው ሰዓት ነው።

በዚያ ሰዓት ታራሚው የት ነው? በሩ ተቆልፎበት ተኝቷል።

ይህን ያላሰበ ሥልጠና አንድ ቀን ማለዳ ሁለት መቶ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ ያገኛል። መፍትሔው ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ዓሣውን ማሳነስ፣ ፍጉንም መቆጠብ ነው፤ ምርቱ ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ግን ይገኛል። ሌላው አምባዛ መጨመር ነው። አምባዛ ከጉሮሮው አጠገብ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው፤ ሌላው ዓሣ በሚያልቅበት ውኃ እሱ ይሰነብታል። ችግሩ ቅርፊት የለውምና ብዙ ሰው አይበላውም። እኔን ደስ የሚለኝ ሦስተኛው ነው፦ የሌሊት ጥበቃውን ማስተማር። ሊነጋጋ ሲል ኩሬውን የሚዞረው ዘብ ዓሣ አፉን ሲያወጣ ምን ማለት እንደሆነ ካወቀ፣ የመግቢያውን ቦይ ከከፈተ፣ በነጋታው ለታራሚው «ሌሊት ዓሦችህ ታፍነው ነበር» ካለው፣ በጠባቂና በተጠባቂ መካከል ከዚያ በፊት ያልነበረ ወሬ ተጀመረ። ማረም የሚባለው ነገር ከዚህ ወሬ ውስጥ ብዙውን የሚያገኝ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የኩሬ ትምህርት ዓሣው ራሱ ነው። ቆሮሶ ለጀማሪ የተመረጠው ብዙ ነገር ስለሚችል ነው፤ ጥፋቱም ከችሎታው የሚመጣ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሰሞን እንደ ልቧ አትበላም፤ አታድግም። ወዲያው በሞቀ ውኃ ውስጥ ደግማ ትወልዳለች። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ኩሬው በጣት በሚያህሉ ዓሦች ይሞላል፤ መኖው ለሁሉም ተካፍሎ ለማንም አይበቃም። በስድስተኛው ወር መረብ የጣለ ሰው የሚያወጣው ለድስት የማይሆን ደቃቅ ነው። ብዙ ኩሬዎች በአገራችን የተተዉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ዓሣው አላድግ አለ ይላል እንጂ ዓሣው በዛ አይልም።

መድኃኒቱ ወንዱን ብቻ ማሳደግ ነው፤ ወንዱ ቶሎ ይፋፋል። እንዴት ይለያል? ዓሣው ከ30 እስከ 50 ግራም ሲደርስ በእርጥብ እጅ ይያዛል፣ ሆዱ ወደ ላይ ይገለበጣል። ከፊንጢጣው ኋላ ትንሽ ጉጥ አለች። ወንዱ ከፊንጢጣው ጋር ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሴቷ ሦስት። ሦስተኛይቱ ቀጭን ስንጥቅ ናትና ቀለም ጠብ ሲያደርጉባት ትጎላለች። አንድ ሰው በደቂቃ ጥቂት ዓሣ ይለያል፤ ከመቶው አምስቱን ይሳሳታል፤ የሳታትን የአንዲት ሴት ዓሣ ልጆች በኩሬው ያያቸዋል። ለዚህ ነው ካመለጡት ሴቶች የሚወለዱትን ጫጩቶች እንዲበላ ጥቂት አምባዛ የሚጨመረው። ይህ ሥራ ጉልበት አይጠይቅም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። በዕድሜ የገፋ ወይም አካሉ የተጎዳ ታራሚ ወጣቱን የሚበልጥበት ሥራ ነው፤ በማረሚያ ቤት ግቢ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አይገኝም።

ጫጩቶቹ ከየት ይመጣሉ? የአገሪቱ አንጋፋ የዓሣ ምርምር ማዕከል ሰበታ ነው። ከሰበታ እስከ ሚዛን በጅማ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጫጩቶቹ ከጉዞው ቀን አስቀድመው አይመገቡም፤ በመንገድ ኩስ ውኃውን እንዳይመርዘው ነው። የላስቲክ ከረጢት አንድ ሦስተኛው ውኃ፣ ቀሪው ኦክስጅን ይሞላል፤ አፉ በጎማ ይታሰራል። ሌሊት በቀዝቃዛው ይጓዛል። ደርሶም ወዲያው አይፈታም፦ ከረጢቱ ኩሬው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይንሳፈፋል፤ የሁለቱ ውኃ ሙቀት ሲቀራረብ አፉ ይከፈትና ጫጩቱ በራሱ ይወጣል። ሁልጊዜ ከሩቅ እያመጡ ማርባት ግን ያዋጣል ብዬ አላምንም። የግብርና ኮሌጁ ሚዛን አማን የሆነው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ባለበት አገር፣ ማረሚያ ተቋሙ ለአካባቢው ጫጩት አቅራቢ ቢሆን ከዓሣ ሻጭነት ይሻለዋል። ዓሣ ሻጭ ሆኖ ከተፈታው ልጁ ጋር ገበያ ይሻማል፤ ጫጩት አቅራቢ ሆኖ ያግዘዋል።

የቡናው አገር ለዓሣ ሁለት የራሱ አደጋዎች አሉት፤ መምህር ከደብረ ዘይት ወይም ከባሕር ዳር ቢመጣ አይነግርህም። አንዱ ብርብራ ነው። ብርብራ የቡና ጥላ ነው፤ ጫካ ቡና ባለበት ሁሉ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣ ያደነዝዛል፤ አባቶቻችን በዚህ ዘዴ ሲያጠምዱ ኖረዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዓሣው ኦክስጅን እያለ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። ስለዚህ በኩሬ ዳር የቆመ ብርብራ ጥላ ብቻ አይደለም። ቂም ያለው ጎረቤት ደግሞ አንድ እፍኝ ዱቄት ይበቃዋል። ከእስር ለተመለሰ ሰው ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም።

ሌላው ራሱ ቡናው ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ሲፈለፈልና ሲታጠብ ልጣጩና ማሩ የወጣበት ውኃ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ስኳር የበዛበት ያ ውኃ ሲብላላ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ከማጠቢያ ጣቢያ በታች ውኃ የሚጠልፍ ኩሬ በእነዚያ ወራት ቦዩን መዝጋት አለበት፤ ስለዚህ በመስከረም ሞልቶ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ልጣጩን ለዓሣ መኖ እናድርገው የሚል ብልሃተኛም አይጠፋም። በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን በመጠኑ ካልሆነ የዓሣውን እድገት ይገታል። ልጣጩ ለብስባሽ ይሁን፤ ይሻለዋል።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንድ ፍርደኛ ጠባዩን ካሳመረ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ ሃያ ዓመት ሲሞላው። ይቅርታም አለ፤ በተለይ አዲስ ዓመት ሲቃረብ ሁሉም ጆሮውን ያቆማል። የዓሣው ዘመን ግን ከስድስት እስከ ስምንት ወር ነው። ሰኔ ላይ ጫጩት ያስገባ ታራሚ መስከረም ላይ ይቅርታ ቢደርሰው፣ ሲቀልበው የከረመው ዓሣ መቶ ግራም እንኳ ሳይሞላ ጥሎት ይወጣል። ማን ይበላዋል? ድርሻው በምን ይታሰባል? ይህ ቀድሞ ካልተጻፈ ኩሬው የትምህርት ቦታ መሆኑ ቀርቶ የቅሬታ ቦታ ይሆናል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ለዚህ መልስ አላቸው። የታራሚ ሥራ ከተፈታ በኋላ በሐቅ ሠርቶ የሚያድርበትን ችሎታ የሚጨምር ይሁን ይላሉ፤ ለሠራበት ተገቢ ክፍያ ያግኝ፤ ከክፍያውም ከፊሉ ተቀምጦ ሲወጣ ይሰጠው። ከተቋሙ ትርፍ ይልቅ የታራሚው ጥቅም ይቅደም የሚልም አለበት። ይህ የመጨረሻው ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ታራሚዎች ያረቡት ቆሮሶ ሆል ፉድስ በሚባለው ታዋቂ የምግብ መደብር ይሸጥ ነበር። ገዢው ለአንድ ዓሣ የሚከፍለውና አርቢው በቀን የሚያገኘው ሲነጻጸር ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. መደብሩ ሽያጩን እንደሚያቆም አስታወቀ። ዓሣው ምንም አልጎደለውም ነበር፤ የጎደለው ሒሳቡ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ሌላውን ጉድለት አሳይታናለች። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢኮኖሚ ማነቃቂያ መርሐ ግብር በ140 የምርጫ ክልሎች 200 ኩሬ በየክልሉ አስቆፈረ፤ 28,000 ማለት ነው። ጫጩቱና መኖው በመንግሥት ድጎማ መጣ። ድጎማው ሲቆም ከኩሬዎቹ ብዙዎቹ ደረቁ ወይም ተተዉ። መቆፈር ቀላል ነበር፤ ከባዱ የሁለተኛው ዓመት መኖ ነው።

ለእኛ ታራሚ ግን መቆፈሩም ቀላል አይደለም። ያንን 10 በ20 ሜትር ኩሬ አስቡት፤ አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ቢሆን 200 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። አንድ ሰው በቀን ሁለት ሜትር ኩብ ቢያወጣ መቶ ቀን ነው። በማረሚያ ቤት ሃያ ሰው አምስት ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ሠልጣኝ ኩሬ በአምስት ቀን የሚያልቅ ነገር ይመስለዋል። ቀበሌው ሲደርስ ብቻውን ነው። ማንም ገበሬ እንዲህ ያለውን ሥራ ብቻውን አይሠራም፤ ጠላ ጠምቆ፣ ቆሎ ቆልቶ ደቦ ይጠራል። ደቦ ደግሞ የሚመጣው ለማን ነው?

ጥያቄው ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። ነፍስ አጥፍቶ የታሰረ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ቢመለስ እንኳ ሽማግሌ ገብቶ ደም ካላደረቀ በአገሩ በሰላም አይዘራም። መሬቱን ወንድሙ አርሶት ይሆናል፤ ሚስቱ ሌላ ቤት ገብታ ይሆናል። ሸማኔው ይህ ሁሉ ቢሆንበት ሌላ ከተማ ሄዶ ይሸምናል። ለዓሣ አርቢው ሸለቆ ግርጌ ያለች ቁራሽ መሬት፣ ቦይ የሚያሳልፍለት ጎረቤት፣ ብርብራ የማይበትንበት ባላንጣ ያስፈልጉታል። ሙያው ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ከሰው ጋር መታረቅን የሚጠይቅ ነው። አንዳንዱ ይህን እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ ሥልጠናው በግቢው አጥር ውስጥ ብቻ ከተሰጠ ከንቱ ነው የምለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በደቡብ ምዕራብ ይህን ነገር እጀምራለሁ ለሚል የማረሚያ ተቋም ኃላፊ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም በጎ አድራጊ ልመናዬ አንድ ነው። በግቢው ውስጥ ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት የታራሚዎቹን ስም ዝርዝር ይዘህ ወደ የቀበሌያቸው ሂድ። ሽማግሌዎቹን ሰብስብ፤ ይህ ሰው ሲመለስ የሸለቆ መሬት ማን ይሰጠዋል፣ ደቦውስ ይወጣለታል ወይ ብለህ ጠይቅ። የሚሰጥ ከተገኘ እዚያው ቆፍር፤ አፈሩን አድበልብለህ ወደ ላይ ወርውር። ጉድጓዱን ጠዋት ሙላና እደር። ውኃው ካለ ተመልሰህ ማስተማር ትችላለህ።